አውራ ጣቱ የሸፈነው ዓምድ

ጥቅምት 12

ጋሼ፣

ሰላምታውን ትንሽ ላቆየውና የሆነውን ላስቀድም። ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊያችን ከጠረጴዛዬ ላይ መቀሴን አንስተው ቀዩን ክር የቆረጡት ጊዜ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ተማሪዎች ቆመው እያዩ ነበር። ክሩ ለሁለት ተከፍሎ መሬት ላይ ወደቀ።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጉልበትዎ ደረጃ መውጣት ጀመረ? ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል? እማዬ ደህና ናት፣ ናፍቆቷን አድርሺልኝ ብላለች። እኔም በጤናዬ ደህና ነኝ። ለምን አትደውይም እንደሚሉ አውቃለሁ። በስልክ የተባለውን እያንዳንዳችን እንደሚመቸን አድርገን ነው የምናስታውሰው። የእርስዎንም የእኔንም ቃል በወረቀት ላይ ነው የምፈልገው።

ክሩን ላስረዳዎ። ተማሪዎቼ ስልካቸው ላይ ያዩትን ሁሉ ያምናሉ፤ መጽሐፍ ላይ ያዩትማ አይጠየቅም። «ምንጩን አጣሩ» ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ያዛጉብኛል። ስለዚህ መስበኩን ተውኩና ጨዋታ አደረግኩት። አንድ ሰኞ ማኅተም ያለበት ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጠፍኩ፤ «ከዛሬ ጀምሮ በግራ እጁ የሚጽፍ አንባቢ አይገባም» ይላል። ሦስት ግራኞች አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ማን ፈረመበት ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ማኅተሙን የቀረጽኩት ከድንች ነው። በሌላ ቀን የፎቶ ግማሽ አሳየኋቸው፤ አንድ ሰው ዱላ አንስቶ ሊመታ። «ይታሰር!» አሉ። ሌላውን ግማሽ ስገልጠው ሰውየው ገመድ ላይ የተሰቀለ ምንጣፍ ሊያራግፍ ነው። ያን ቀን የሳቁትን ሳቅ ቢሰሙ!

ከዚያ ክሩ መጣ። እያንዳንዱ ልጅ ከየትኛውም መጽሐፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ይመርጣል፤ እዚያ ላይ ክር ያስርና ነገሩ የመጣበትን ምንጭ፣ ከዚያም የምንጩን ምንጭ እየፈለገ ክሩን ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ይዘረጋል። መጨረሻው ላይ ያየ ወይም በእጁ የጻፈ ሰው ካልተገኘ፣ ክሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

የልብስ ሰፊው ልጅ፣ ከአፏ ቃል የማይወጣት ልጅ፣ እርስዎ ስለ ከተማችን የጻፉትን መጽሐፍ መረጠች። ገጽ አርባ አንድ፤ «የከተማችንን ቤተ መጻሕፍት አባቴ በራሱ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መጻሕፍት ከፈተው።» ከሥሩ እርስዎ ያነሱት የድሮው የገቢ መጻሕፍት መዝገብ ፎቶ አለ። ረጅም ጊዜ ስታየው ቆየችና ጠራችኝ።

«እትዬ፣ ይሄ የማን ጣት ነው?»

ከፎቶው ቀኝ ጠርዝ ላይ አውራ ጣት ገብቶበታል። እኔ ያን መጽሐፍ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንድም ቀን አላየሁትም።

«ፎቶውን ያነሳው ሰው ይሆናል» አልኳት።

«ከጣቱ ሥርስ ምን አለ?»

መዝገቡን ከቁም ሣጥኑ አወጣነው። ስድስት ዓምድ አለው፤ ቁጥር፣ ርዕስ፣ ደራሲ፣ ቀን፣ ተረካቢ፣ ሰጪ። አያቴ ያኔ የከተማው አስተዳደር ጸሐፊ ነበሩ፤ አምስተኛው ዓምድ ላይ «ተረካቢ» ብለው ፈርመዋል። ስድስተኛው ላይ በዚያው በራሳቸው በሚያምር እጅ ጽሑፍ «የስልክ ቤቷ ሠራተኛ» ይላል። ከሥሩ እስከ ገጹ መጨረሻ የድጋሚ ምልክት፣ «ከላይ እንዳለው» የሚለው። አሥራ ሦስት ገጽ፣ በየገጹ ሃያ አራት መስመር፣ ሁሉም ከእሷ። መጽሐፎቹን የሰጠችው እሷ ናት፤ አያቴ ተረከቡ።

ኃላፊው የገቡት ያኔ ነው፤ አዲሱ አዳራሽ በር ላይ የአያቴ ስም የሚሰቀልበትን ቦታ ሊያስለኩ የሰሌዳ ቀራጩን አስከትለው። ክሩን በዓይናቸው ተከትለው መዝገቡ ጋ ደረሱ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ትምህርት ነው።»

«የምን ትምህርት?»

ያቺ ዝምተኛ ልጅ መለሰችላቸው፤ «ሰጪና ተረካቢ የመለየት።»

መቀሱን አነሱ። «ከዛሬ ጀምሮ ክር የሚባል ነገር እዚህ ቤት አይገባም!»

«የሱሪዬስ?» አለ አንዱ ከኋላ። የሳቀ አልነበረም።

የልጅቷ የአባልነት መታወቂያ ተወሰደ፤ በጽሑፍ ይቅርታ ካልጠየቀች አይመለስላትም። እኔን ወደ ምድር ቤቱ መጋዘን አዛወሩኝ። መዝገቡንም ከዓይን ይራቅ ብለው አብረው ወደ ታች ላኩት።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። የስልክ ቤቷ ሠራተኛ ማን ናት? ስድስተኛውን ዓምድ አይተውት ነበር ወይ?

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 3

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣ ለእመት ለምን፣

ይህ ጽሑፍ ካለሽበት ሲደርስ በጤናና በደስታ ያግኝሽ። ክፉ አይንካሽ፣ የለፋሽበት ይሳካልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አሁንም በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት በሳምንት ሦስት ቀን እሠራለሁ፤ ወጣቶቹ «አባባ» ይሉኛል፣ እኔም እንዳልሰማሁ እሆናለሁ።

ደብዳቤሽን ሳነብ በልጅነትሽ ያወጣሁልሽ ስም ትዝ አለኝና ሳቅኩ። አራት ዓመትሽ ላይ «ጨረቃ ለምን ትከተለናለች?» ብለሽ መንገድ ያስጨረስሽኝ ልጅ! አልተለወጥሽም። የድንቹን ማኅተም ለሥራ ጓደኞቼ ነግሬያቸው በሳቅ ሞቱ።

ግን ልጄ፣ ሁሉም ነገር ጊዜ አለው። ለአዲሱ አዳራሽ የማበረክታቸው ሃያ ኮምፒውተሮች በሣጥን ታሽገው መኝታ ቤቴን ሞልተውታል፤ በመካከላቸው በጎኔ ነው የማልፈው። አዳራሹ በሚያዝያ ይመረቃል። ኃላፊው ጥሩ ሰው ነው፣ ደንግጦ ነው። አንቺ ትንሽ ዝቅ በይለት። መዝገቡንም እስከ ምረቃው ድረስ እሱ ቢሮው ቆልፎ ያስቀምጠው፤ ያረጀ ነገር ነው፣ ልጆች ሲያገላብጡት ይቀደዳል። ልጅቷም ሁለት መስመር ይቅርታ ብትጽፍ ምን ትጎዳለች?

የቀረውን በአካል እንጫወታለን። ለእናትሽ የእግር ማሞቂያ እልካለሁ።

አጎትሽ


ኅዳር 24

ጋሼ፣

ምርቃትዎ ደርሶኛል፣ አሜን ብያለሁ። ክፉ አይንካዎት፤ ሣጥኖቹ መሀል ሲያልፉም ጉልበትዎን እንዳይመታዎ።

ደብዳቤዎን ክር ዘረጋሁበት። አንድ ሙሉ ገጽ ጽፈዋል፤ ስለ ጨረቃ አለ፣ ስለ ድንች አለ፣ ስለ እግር ማሞቂያ አለ። ስለ ስልክ ቤቷ ሠራተኛ አንድ ቃል የለም። ስለ ጣትዎም የለም።

ያለሁበትን ይወቁት። ወደ መጋዘኑ የሚያወርደው ደረጃ አሥራ አራት ነው። አንድ አምፖል፣ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፤ ከሥሩ ባልዲ አድርጌያለሁ። መዝገቡን ከቧንቧው ርቆ ካለው መደርደሪያ ላይ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ኃላፊው ራሳቸው የተተየበ ወረቀት ይዘው ወረዱ። «ስድስተኛው ዓምድ በውሃ ስለተበላሸ አይነበብም» ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ስምና የፊርማ ቦታ።

«ባልዲውን አይተው ነው ይህ ሐሳብ የመጣልዎት?» አልኳቸው።

«ፈርሚና ወደ ላይ ተመለሺ። ለአያትሽ ክብር ነው እኮ!»

«አያቴ ራሳቸው የጻፉትን አይነበብም ብዬ ነው የማከብራቸው?»

ወረቀቱን ወንበር ላይ ትተውልኝ ወጡ። እስካሁን እዚያው ነው።

ጋሼ፣ ከሥራዬ ውስጥ አንዱን ብቻ ምረጪ ቢሉኝ ይሄን እመርጣለሁ፤ የሚነበበውን ይነበባል ማለት። እሱን ከሸጥኩ ልጆቹን ምን ብዬ አስተምራለሁ?

የልጅቷ አባትም መጣ። የመለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው፣ ሥራ አቋርጦ ነው። «ልጄ ምን ሰረቀች?» አለኝ። ምንም አልኩት። «ምን ሰበረች?» ምንም። የመጽሐፍዎን ገጽና የመዝገቡን ገጽ ጎን ለጎን አሳየሁት። አየና አየና፣ «እኔ ሃያ ዓመት ሰፍቻለሁ፤ እጅጌ የሌለውን ኮት ነው ብዬ አስረክቤ አላውቅም» አለ። «ይቅርታ አትጽፍም። መታወቂያዋን ይዘው ይቀመጡ።» ክሩን ለትምህርቱ የሰጠን እሱ ነበር። ሲወጣ ሁለት ጥቅል ሰማያዊ ጨመረልኝ።

እማዬን ጠየቅኳት። እየተኮሰች ነበር። «የስልክ ቤቷ ሠራተኛ» ስላት ካውያውን አቆመችው፤ የትራሱን ልብስ አጥፋ፣ ዘርግታ፣ መልሳ አጠፈችው። «አጎትሽን ጠይቂው» አለችኝ፤ «ጉልበቷ ላይ ያደገው እሱ ነው።»

ስለዚህ እንደገና እጠይቃለሁ። ማን ናት?

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 21

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን በኮምፒውተር የምጽፈው እጄ ስለደከመ ነው።

አስቤበታለሁ። መዝገቡ በዚያ እርጥበት ውስጥ መቆየት የለበትም። በጥር ወደዚህ የሚመጣ የማውቀው ነጋዴ አለ፣ በእሱ እጅ ላኪልኝ። እዚህ የሚጠግኑ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ ዘንድ ይሻለዋል። ወረቀቱንም ፈርሚና ነገሩ ይብቃ። ፊርማ ቀለም ነው። ሥራሽን ከምታጪ ይሻላል።

እናትሽን በዚህ ነገር አታድክሚያት።

አጎትሽ


ጥር 15

ጋሼ፣

ሰላም ይብዛልዎ። እጅዎ ይበርታ።

መጀመሪያ ይቆለፍ አሉ። ቀጥሎ ይቅርታ ይጠየቅ አሉ። አሁን ደግሞ ይላክልኝ፣ ይፈረም ሆነ። ጥያቄዎ በየደብዳቤው ይለወጣል፤ የእኔ ግን ያው ነው።

መዝገቡ ከዚህ ቤት አይወጣም። እስከዚያው ያደረግነውን ልንገርዎ፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት።

ኃላፊው ለምሳ ሲወጡ ልጆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ አሥራ አራቱን ደረጃ ይወርዳሉ። ገጹ አሥራ ሦስት፣ ልጆቹ ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው፤ እያንዳንዱን ገጽ ሦስት ልጆች፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ በእጃቸው ይገለብጣሉ። ከዚያ ሦስቱን ቅጂ ያስተያያሉ። የተለያየ ነገር ካለ ተመልሰው መዝገቡን ያያሉ እንጂ አይገምቱም። መጨረሻ ላይ ስማቸውንና ቀኑን ይጽፋሉ። እስከዛሬ ካስተማርኩት ትምህርት ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው፤ ያስተማርኩትም ከባልዲ አጠገብ ነው።

ከግራኞቹ አንዱ ስድስተኛው ዓምድ ላይ ደረሰና ተማረረ። «ይሄን ሁሉ የድጋሚ ምልክት አንድ በአንድ ልጽፍ? ‹ሁሉም ከእሷ› ብል አይበቃም?»

መታወቂያ ባይኖራትም ከጓደኞቿ ጋር የምትገባው የልብስ ሰፊው ልጅ ቀና ሳትል፣ «አንዱን ከዘለልከው አንድ መጽሐፍ ወሰድክባት» አለችው። ጻፈው። ምላሱን አውጥቶ፣ ሃያ ሦስቱንም።

ቅጂዎቹ ሠላሳ ዘጠኝ ቤት ውስጥ አድረዋል። አሁን ቧንቧው ቢፈነዳ፣ መዝገቡም ቢጠፋ፣ ዓምዱ ይነበባል። የመጀመሪያው ገጽ አንድ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለልዎ፤ የጻፈችው ልጅቷ ራሷ ናት። ጣት የለበትም።

እርስዎ መድኃኒት ሲያድሉ የብልቃጡን ጽሑፍ ግማሹን በጣትዎ ሸፍነው ለሕመምተኛ ያቀብላሉ?

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 18

ለእህቴ ልጅ፣

በመልካም ያቆይሽ። ሁለት ወር ዝም ማለቴ ሳላነበው ቀርቼ አይደለም። የልጅቷን ቅጂ የመድኃኒት ቤቱ ካፖርት ኪስ ውስጥ ይዤው እዞር ነበር።

የአባቴ እህት ናት። እናታችን ታማ በተኛችበት ሁለት ዓመት እኔንና እናትሽን ያሳደገችን እሷ ነበረች። ስልክ ቤት መስመር ታገናኝ ነበር፤ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ፣ ጭኗ ላይ መጽሐፍ። መብራቱ ሲበራ ታነሳለች፣ «ማንን ላገናኝ?» ትላለች፣ ገመዱን ትሰካለች፣ ወደ መጽሐፏ ትመለሳለች። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ነበርኩ። ማንበብ የተማርኩት በስልክ ቁጥር ደብተር ነው። ደመወዟ ሁሉ መጽሐፍ ነበር።

አባቴ ባል መረጠላት፤ አልፈልግም አለች። «እንግዲያው ከቤቴ ውጪ» አላት። ከመሄዷ በፊት መጽሐፎቿን በጋሪ አስጭና ለከተማው ሰጠች። የተረከባቸው እሱው ነው። አኩርፎ ስሟን አልጻፈም፤ ግን ሥራዋን ጻፈ፣ መዋሸት አልቻለም። ከሌላ ከተማ አምስት ደብዳቤ ጻፈችልኝ። አባቴ አትመልስ አለኝ፣ አልመለስኩም። በኋላ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ማንም ሳይከለክለኝም፣ አልመለስኩም። ስትሞት አልሄድኩም።

ጣቱን ጠይቀሽኛል። ፎቶውን ሦስት ጊዜ ነው ያነሳሁት። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ጣቴ የለም።

ይኸው ነገርኩሽ። አሁን እኔም ልለምንሽ። በሩ ላይ የሚሰቀለው ሰሌዳ ተቀርጿል፣ ትኬቴን ቆርጫለሁ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። እኔ እስካለሁ ይቆይ፣ ከእኔ በኋላ እንደፈለግሽ አድርጊው። ያን ወረቀት ፈርሚልኝ። ይህንንም አንብበሽ ቅደጂው።

አጎትሽ


ሚያዝያ 6

ጋሼ፣

ደህና ይምጡ፣ መንገዱ ይቅናዎ።

ደብዳቤዎን ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ደገምኩት። ከጠረጴዛው ሥር ላለው ልጅ አዘንኩለት፤ ከልቤ ነው የምልዎ። እማዬም አነበበችው። «ሦስት ጊዜ ነው ያነሳው?» አለች። ማታ ከሣጥኗ ሥር አንዲት ፎቶ አወጣች፤ ማዳመጫ ያደረገች፣ ካሜራውን ሳይሆን መጽሐፏን የምታይ ሴት። ለካ እኔ አገጬን ያመጣሁት ከእሷ ነው።

ደብዳቤዎን አልቀደድኩትም። ተራ ቁጥር ሰጥቼ መዝገቡ ላይ አስገባሁት። ቁጥር፣ ርዕስ፣ ደራሲ፣ ቀን። ተረካቢ፣ እኔ። ሰጪ፣ እርስዎ። ይህን ከጀርባዎ አላደረግኩትም፤ ይኸው እየነገርኩዎት ነው። በዚህ ነገር ውስጥ ካሉት ጽሑፎች ሁሉ ከአያቴ እጅ ጽሑፍ ቀጥሎ ደፋሩ የእርስዎ ነው፤ እንዲጠፋ አልፈቅድም።

ኃላፊው እስከ ዓርብ ካልፈረምሽ ሥራሽን ለቀሽ ትሄጃለሽ ብለው ነበር። ፈረምኩ። «አይነበብም» ከሚለው ቃል ላይ መስመር አሰመርኩ፣ ከበላዩ «ይነበባል፣ አንብቤዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከሥሩ ስሜን ሙሉውን አስቀመጥኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን።

«ፊርማ ነው። የጠየቁኝ እሱን አይደል?»

የስንብት ደብዳቤዬ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። በይግባኝ እከራከራለሁ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ምስክር አለኝ፣ ሁሉም መጻፍ የሚችሉ። ትምህርቱ ግን አንድ ቀን አልተቋረጠም። አሁን ልብስ ሰፊው ቤት ነን፤ ክሩ ከስፌት መኪናው እስከ ካውያው ጠረጴዛ ተዘርግቷል፣ ደንበኞች እየተሻገሩት ይገባሉ። ልጅቷ መታወቂያ የላትም። ጠዋት ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ከቤቷ ያመጣችውን መጽሐፍ ታነባለች። ዘበኛው መጀመሪያ ተቆጣት፣ አሁን ወንበር ያወጣላታል።

የአያቴ ስም በሩ ላይ ይሰቀል፣ ተረካቢ ተብሎ። እሳቸው ራሳቸውን የጻፉት እንደዚያ ነው። አቅንተው የጻፉትን ያጣመምነው እኛ ነን። ከበላዩ ግን የእሷ ስም ይቅደም። ስሟን እማዬ ነግራኛለች፤ ከእርስዎ አፍ ደግሞ በምረቃው ቀን፣ ሰው ፊት፣ መስማት እፈልጋለሁ። ኮምፒውተሮቹን ይዘው ቢመጡ ልጆቹ ደስ ይላቸዋል። ዋጋቸው ዝምታችን ከሆነ ግን መኝታ ቤትዎ ይቆዩ፤ እስካሁን በድንችና በክር ተምረናል።

የአዳራሹ በር ላይ ሰማያዊ ክር ያገኛሉ። ይያዙትና ይከተሉት፤ መጨረሻው ላይ መዝገቡን ካላገኙ ልጅቷን ያገኛሉ። «ይሄ የማን ጣት ነው?» ብላ የጠየቀችውን ለእሷው ይመልሱላት።

እስከዛሬ ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም አልኩ፣ ለቤተሰብ ክብር ሲባል ዝም አልኩ፣ አሥራ አራት ደረጃ ወርጄም ሥራዬን ሠራሁ። ከእንግዲህ ግን አንዲት ልጅ ስለጠየቀች ይቅርታ ትጠይቅ ሲባል አልቀበልም። የሚነበበውን አይነበብም በይ ሲሉኝ አልቀበልም። «እኔ እስካለሁ ይቆይ» የሚለውንም አልቀበልም፤ እሷም ኖራ ነበር፣ ማንም አልቆየላትም። ግማሽ ገጽ አልቀበልም፣ ከማንም፤ ከእርስዎም፣ ጋሼ።

የእህትዎ ልጅ፣ የስልክ ቤቷ ሠራተኛ የወንድም ልጅ ልጅ